ክረምት ላይ ሁለት ሆኖ ወዴት ይወጣል? ሱባ፣ ቢሾፍቱ፣ ደብረ ሊባኖስ ወይስ ሀዋሳ

ክረምት ሲገባ ከከተማ መውጣት የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ጉሙ ይባላል። እውነት ነው፣ ሦስቱም አሉ። ግን ፏፏቴው የሚሞላው፣ ወፉ ጎጆ የሚሠራው፣ ሜዳው አረንጓዴ የሚለብሰው በዚሁ ወቅት ነው። ብዙ ሰው የዓመት ፈቃዱን የሚወስደውም አሁን ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ዘመዶቻችንም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚደርሱት፤ የእነሱ ሰመር የእኛ ክረምት ነውና። ስለዚህ "እንውጣ ወይስ እንቅር" ብሎ መከራከሩ ይቅር። መነጋገር ያለብን የት እንደምንወጣ ነው።

ይህን የጻፍኩት ለጥንዶች ነው። ለእጮኛሞች፣ አዲስ ለተጋቡ፣ ልጆቻቸውን አንድ ቀን አያት ጋ ትተው ለሚወጡ። እንስሳ ለማየት ሁለት ሰው ልክ ነው። በብዛት ሲወጣ ጨዋታው ይደምቃል፣ እንስሳው ግን ድምፁን ሰምቶ ቀድሞ ይሄዳል። ሁለት ሰው ዝም ማለት ይችላል። አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ ሲያይ ደግሞ የሚያመልጥ ነገር ትንሽ ነው።

የማነጻጽራቸው ከአዲስ አበባ ተነስቶ የሚደረስባቸውን ነው። መጀመሪያ በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱባቸውን፣ ከዚያ ማደር የሚጠይቁትን።

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት

አንደኛ፣ ከሁለታችሁ ማን መራመድ ይወዳል? ማን ቁጭ ብሎ ማየት ይወዳል? ይህን ሳይነጋገሩ የሚወጡ ጥንዶች ግማሹን ቀን ሲጠባበቁ ያሳልፋሉ። የእኛ ቤት ለምሳሌ ባለቤቴ ጫካ ከገባ ጫፉን ሳያይ አይመለስም። እኔ ደግሞ አንድ ዛፍ ሥር ቆሜ የሚሆነውን ማየት ነው ደስ የሚለኝ። ሁለታችንም ትክክል ነን፣ ቦታው ነው የሚለያየው። ሱባ የመራመጃ ቦታ ነው። ቢሾፍቱ የመቀመጫ። ደብረ ሊባኖስ ሁለቱንም ያስተናግዳል፣ ከጠዋቱ ጉም ካመለጣችሁ። ሀዋሳ ጊዜ ስላለው ሁለታችሁንም ያስደስታል።

ሁለተኛ፣ የዝናቡ ሰዓት። በደጋው ክረምት ጠዋት ብዙ ጊዜ ገለጥ ይላል፤ ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። እንስሳውና ወፉም የሚንቀሳቀሱት በጠዋት ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ከቤት የወጣ ሰው ሁለት ጊዜ አተረፈ፦ ከትራፊኩም ከዝናቡም። 4 ሰዓት ላይ ቁርስ በልቶ፣ ነዳጅ ቀድቶ የሚነሳ ሰው ዝናቡን መንገድ ላይ ነው የሚያገኘው። የሩቁ ቦታ በክረምት የሚከብደውም በዋናነት በዚህ ነው፤ ስትደርሱ ጠዋቱ አልቋል።

ሦስተኛ፣ መንገዱ። ጭቃውን ብቻ ሳይሆን ጸጥታውንም። በዚያው ሳምንት ጠይቁ፣ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገራችሁ አይሠራም። ምርጡ የመረጃ ምንጭ በመስመሩ የሚመላለስ ሹፌር ወይም እዚያው የሚኖር ሰው ነው። ትንሽ እንኳ ጥርጣሬ ካለ ሌላ ቦታ ምረጡ። ጭላዳ ዝንጀሮው ነገም አለ።

ሱባ፦ መራመድ ለሚወዱ

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ ደን ነው። ታሪኩ ራሱ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አፄ ምኒልክም አስጠብቀውታል። ለአዲስ አበባ ቅርብ ሆኖ ሳይጨፈጨፍ እዚህ የደረሰ የሀገር በቀል ዛፍ ደን ማየት በእውነት ልብ ይነካል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶው። ባሕር ዛፍ ለለመደ ዓይን ሌላ ዓለም ነው።

የሱባ ባለቤት ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ ረጅም፣ ትከሻው ላይ ካባ የደረበ። ጠዋት ላይ ከሩቅ የሚጮኸውን ጎርናና ድምፅ ስትሰሙ አውሬ እንዳይመስላችሁ፣ እሱው ነው። ሲዘል ደንግጣችሁ ካሜራ ከማውጣት ይልቅ ቆማችሁ ጠብቁ። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ቅጠል ለመፍጨት ጊዜ ስለሚወስድበት የቀኑን ብዙውን ሰዓት ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይረጋጋና ወደ ቦታው ይመለሳል። ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ትንሽ ነገር እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ካያችሁ ግልገሏ ነው። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም በኋላ ነው የሚመጣው።

የምኒልክ ድኩላም እዚህ አለ። ወንዱ ጥቁር ለማለት የቀረበ ነው፣ ሴቷ ቀላ ያለች። ድኩላ ለማየት ግን ሳይናገሩ መራመድ ይጠይቃል። ወፍ ለሚወድ ደግሞ ጉንጩ ነጭ የሆነ፣ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ የሚሆን ወፍ አለ። አንዴ ያየው ሰው ሌላ ጊዜ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ይፈልገዋል።

ችግሩ መንገዱ ነው። በሰበታ በኩል አስፋልቱን ከለቀቃችሁ በኋላ ያለው መንገድ በክረምት ለትንሽ መኪና አይመከርም። ቪትዝ ይዛችሁ ሐምሌ ላይ ለመሞከር ካሰባችሁ ይቅርባችሁ። ከፍ ያለ መኪና፣ የተሻለ ደግሞ ፎር ዊል፣ ያስፈልጋል። ውስጥ ያለው የእግር መንገድም ያንሸራትታል። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ። ሳማው በዚህ ወቅት ወገብ ድረስ ነው፤ ባዶ ክንድ ካገኘ አይምርም።

ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። በፍልሰታ የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ቂጣ በተልባ ወይም ሽሮ በምሳ ዕቃ ይበቃል፤ ሱባ ላይ ብዙ አማራጭ አትጠብቁ።

መኪናው ካላችሁ ለሐምሌና ለነሐሴ የአንድ ቀን ጉዞ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ዛፉ ሥር የሚያስጠልል ቦታ አይጠፋም፣ መብረቅ ካለ ግን ወደ መኪናው። በክረምት ሜዳ ላይ ሆኖ ዝናብ ከመጠበቅ ጫካ ውስጥ መሆን በጣም ይሻላል።

ቢሾፍቱ፦ ቁጭ ብሎ ለሚያይ

ቢሾፍቱን ብዙ ጥንዶች የሚያውቁት በሪዞርቱ፣ በስፓውና በሠርግ ፎቶው ነው። ጥሩ ነው፣ እኔም አልጠላውም። ግን ሐይቁ ዳር የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሳያይ ስልኩን ሲነካካ ይቆጨኛል። ክረምት ቢሾፍቱ ላይ የጎጆ ወቅት ነው።

ሆራ፣ ባቦጋያ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወደ ውኃው የዘነበለ ግራር ፈልጉ። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ኳስ የሚያክሉ የሣር ጎጆዎች ተንጠልጥለው ታያላችሁ። ቢጫ ወፎች ይንጫጫሉ። የሚሠራው ወንዱ ነው። አንድ ረጅም አረንጓዴ ሣር በምንቃሩ ሰንጥቆ ያመጣና መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆሞ አንገቱ በደረሰበት ዙሪያውን ይጎነጉናል። ሲጨርስ ከጎጆው በታች በጀርባው ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጣራል። ሴቷ ትመጣለች። ትገባለች። ከውስጥ ሆና ሣሩን ትጎትታለች፣ ትፈትሻለች። ካልተመቻት ወጥታ ትሄዳለች። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ማንም ስለማትመርጠው ወንዱ ራሱ ያፈርሰውና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁለት ሰው አንድ ቡና ይዞ ይህን ለአንድ ሰዓት ሊያይ ይችላል፤ ትኬት የለው፣ መራመድ የለው።

ከሐይቆቹ ወጣ ስትሉ በየማሳው ጠርዝና በየረግረጉ ሌላ ነገር አለ። በበጋ ተራ ድንቢጥ የሚመስል ቡናማ ወፍ በክረምት ወንዱ እሳት የመሰለ ቀይና ጥቁር ይለብሳል። ደረቱን ነፍቶ ከሣር በላይ ሲበር በዓይን ይያዛል። ጨለለቃ ረግረግም በዚህ ወቅት ውኃው ይሰፋል፤ ሽመላና ዳክዬ አይጠፋበትም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች ግን ገና ናቸው፣ ብዙዎቹ ከመስከረም በኋላ ነው የሚደርሱት። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ብዛት ያለው የወፍ መንጋ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ። የሠርግ ልብስ የለበሰ የሀገር ወፍ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ግን ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

እባካችሁ አንድ ነገር፦ በስልክ የወፍ ድምፅ አጫውታችሁ ወፍ አትጥሩ። አሁን አሁን እየተለመደ መጥቷል። ወፉ ሌላ ወንድ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ሊጣላ ይወጣል። በእንቁላል ወቅት ይህ ከባድ በደል ነው።

ከሱባ ጋር ሲነጻጸር ቢሾፍቱ መንገዱ ቀላል ነው፤ በፈጣን መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ነው፣ ማንኛውም መኪና ይገባል፣ ያለ መኪናም በሚኒባስ ይደረሳል። ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚልም ብርዱ ይለዝባል። ወጪው ግን ይከብዳል። ሐይቅ ዳር ያለው ቦታ አብዛኛው የሆቴል ነው፤ ለመቀመጥ ማዘዝ ግድ ይላል፣ ቅዳሜና እሁድ ዋጋውም ጫጫታውም ይጨምራል። የሥራ ቀን ፈቃድ ካላችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ። ሌላ ቦታ ትሆናለች።

ደብረ ሊባኖስና የጀማ ሸለቆ፦ ትንሽ ጠብቁ

ጭላዳን ሳያዩ የኖሩ የአዲስ አበባ ልጆች መኖራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም የለም። በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ወደ ገዳሙ በሚወስደው መታጠፊያ አካባቢ፣ የፖርቱጋል ድልድይ ከሚባለው ከጥንቱ የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ገደሉ ላይ ይኖራል። ሌሊቱን ገደሉ ወገብ ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት ወጥቶ ሜዳው ላይ ሣር ይግጣል። አዎ፣ ይግጣል። ከዝንጀሮ ዘመዶች ሁሉ ሣር ዋና ምግቡ የሆነ እሱ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደ ፊት ይሄዳል። በበጋ ሥር መቆፈር አለበት፤ በክረምት ግን ለምለሙ በየአቅጣጫው ስለሆነ ደልቶት ነው የምታገኙት። ወንዱ የአንበሳ ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ደግሞ ከሩቅ ይታያል።

ታዲያ ለምን ሦስተኛ አደረግሁት? በጉሙ ምክንያት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሸለቆው በጉም የሚሞላባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። ገደሉ ጫፍ ቆማችሁ ነጭ ግድግዳ ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ጉሙ ሲገለጥ ፏፏቴው እየጮኸ፣ ሸለቆው አረንጓዴ ሆኖ፣ ትልልቅ አሞሮች ከእግራችሁ በታች ሲበሩ የሚታየው ነገር ወደር የለውም። ግን ዕድል ነው። ዕድሉ የሚጨምረው ከጳጉሜ በኋላ ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ ውኃው ገና አልጎደለም፣ ሰማዩ ግን ይጠራል፣ የሱሉልታ ሜዳና የመንገዱ ዳር በአደይ አበባ ይለብሳል። ለደብረ ሊባኖስ የምመርጠው ይህን ሳምንት ነው፣ ያለ ምንም ማመንታት።

ሐምሌ ላይም ሄዳችሁ ከሆነ ሱሉልታን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሜዳው ውኃ ሲተኛበት ጋጋኖ በቡድን ይለቅማል። በአዲስ አበባ ማለዳ ጣራ ላይ እየጮኸ የሚቀሰቅሰን እሱ ነው፣ ቅርብ ሆኖ ሲታይ ግን አንገቱ ሥር የተንጠለጠለችው ነገርና የክንፉ ነጭ ያምራል። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለው ዝይም እዚያ ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ወፍ ነው።

ስለ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። ገደሉ ጫፍ በክረምት ሳሙና ነው። ፎቶ ለመነሳት ጀርባን ለገደል ሰጥቶ ወደ ኋላ መራመድ የለም፣ ድልድዩ ላይም ቢሆን። ሌላው፣ ለጭላዳ ሙዝና ዳቦ አትስጡ። ሰው የሚያበላው ጭላዳ መኪና ማሳደድ ይለምዳል፣ መጨረሻው የሚገጭ ወይም በድንጋይ የሚባረር እንስሳ ነው። ተቀመጡ፣ ዝም በሉ፣ ራሱ እየጋጠ ይቀርባችኋል።

ገዳሙን ለመሳለም ለምትሄዱም ቀኑን አስቡ። ነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓል ነው። ለንግሥ ከሆነ ትልቅ ቀን ነው። ለጭላዳ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሻላል፤ መንገዱም ቦታውም በሕዝብ ይሞላል።

ወንጪስ?

ያምራል። በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል፣ ይገባዋልም። ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከአዲስ አበባም 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በክረምት ብርዱና በረዶው ቀልድ አይደለም፣ በፈረስ ወደ ሐይቁ መውረጃውም ይጨቀያል። የዱር እንስሳ ዋናው ዓላማችሁ ከሆነ ደግሞ ሱባ ይበልጣል። ወንጪን ለጥቅምት አቆዩት።

ገንዘብ ካጠረ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል እና እንጦጦ አሉ። ግማሽ ቀን ይበቃል፣ በታክሲ ይደረሳል። ከእንጦጦ ይልቅ ጉለሌን የምመክረው ሰው ስለሚቀንስና ሀገር በቀል ተክል ስለተሰበሰበበት ነው። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ግቡ።

ሁለት ሌሊት ካላችሁ፦ ሀዋሳ ወይስ ባሌ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥንዶች የሚከራከሩት። ባሌ ስሙ ትልቅ ነው። ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን፣ የሳነቴ አምባ። በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሀዋሳ ደግሞ "የታወቀ ነው፣ ምን አዲስ አለው" ይባላል። ለክረምት ግን ሀዋሳን ነው የምመርጠው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ባቱ ፈጣን መንገድ አለ። ስምጥ ሸለቆው ከደጋው ያነሰ ይዘንባል፣ ስለዚህ ጠዋቱም ከሰዓቱም ይጠቅማችኋል። ከሁሉም በላይ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። ባቱ ላይ ደንበል ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲያስጠጉ አባ ኮዳና ፔሊካን ትርፍራፊ ለመልቀም ይሰለፋሉ። ቀጥሎ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ይመጣል። ሁለት ጎረቤት ሐይቆች፣ ግን ምንም አይመሳሰሉም። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ በሀገራችን ጥልቁ ሐይቅ ነው። አብያታ ግን ጥልቀት የሌለውና እየሸሸ ያለ ነው። ወደ እሱ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ሶዳ አሽ ሲመረትበት፣ ዳርቻው ዓመት በዓመት ወደ ውስጥ ገባ። ዓሣው ሲያልቅ ዓሣ በል ወፎችም ሄዱ። ፍላሚንጎው ግን ዓሣ ስለማይበላ፣ ጨዋማ ውኃም ስለሚስማማው፣ አሁንም ይታያል። ይህን ሐይቅ ገና እያለ ማየት ያስፈልጋል፤ ስለ እሱ መናገርም እንዲሁ።

እዚህ በጣም ጠንቀቅ በሉ፦ መኪናውን ወደ ውኃው አታስጠጉ። ከላይ የደረቀ የሚመስለው ነጭ መሬት ከሥሩ ጭቃ ነው፣ መኪና ይውጣል። ቆማችሁ በእግር፣ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ሂዱ። ሰጎንና ሚዳቋ በር አካባቢም ይታያሉ። ጉዞውን ለሦስት ከከፈላችሁት ሀዋሳ 10 ሰዓት አካባቢ ትገባላችሁ፣ ሳትደክሙ።

ሀዋሳ ላይ በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ። ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ፣ ልጆች በሚያስገርም ፍጥነት ሲገፍፉት፣ አባ ኮዳው እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲጠብቅ። የዓሣ ሾርባ እዚያው ይጠጣል፣ ጥብሱም ይበላል። ከዚያ ጀልባ። ጉማሬ ማየት ከፈለጋችሁ ላይፍ ጃኬት ጠይቃችሁ ልበሱ፣ ባለ ጀልባውንም "አታስጠጋው" ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ደንበኛ ለማስደሰት ሲል በጣም የሚቀርብ አለ። ጉማሬ ሰላማዊ ቢመስልም ሰው ይገድላል። ቀሪውን ቀን ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ጉሬዛውና ጦጣው ራሳቸው ይመጣሉ። ጦጣው ቦርሳ ይከፍታል፣ ዚፑን ዝጉ።

ሦስተኛው ቀን ላይ፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ፣ ሰንቀሌን ጨምሩ። ከሻሸመኔ በስተ ምዕራብ በአጄ በኩል ነው። የስዌይን ቆርኬ የሚኖርበት ትንሽ መጠለያ ነው። ይህ ቆርኬ ድሮ ሶማሊያም ነበር፤ ዛሬ የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ፣ ያውም በጥቂት ቦታ። ቀይ ዳማ ቆዳው በክረምት አረንጓዴ ሣር ላይ ሲታይ ሌላ ነው። የሚጎበኘው ሰው ትንሽ ስለሆነ ጠባቂዎቹ እንግዳ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል፣ የሚያውቁትንም አይሰስቱም። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ሌሊቱን ከዘነበ አትግቡ።

አዋሽን ለምን እንዳልጨመርኩ የሚጠይቅ ይኖራል። ፏፏቴው በክረምት ኃይለኛ ነው፣ ድፍርስ ውኃው ሲወርድ ያስፈራል። ሳላና አምባራይሌ ለማየት ግን ሣሩ ሲያድግ ይከልላል፣ እንስሳውም ውኃ በየቦታው ስለሚያገኝ ይበተናል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ እንደነበረም ታስታውሳላችሁ፤ ለመሄድ ያሰበ ሰው ፓርኩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ለዱር እንስሳ ከሆነ ከኅዳር በኋላ ይሻላል።

ወደ ባሌ ልመለስ። 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሄጃ አንድ ቀን፣ መመለሻ አንድ ቀን። በሁለት ሌሊት ጉዞ መሐል ላይ የሚቀራችሁ አንድ ቀን ነው። ያ ቀን ከዘነበ አለቀ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በክረምት ደመናው መሬት ላይ ይተኛል። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ናቸው። ሰፊ ገላጣ አምባ ላይ አይጥ ሲያድን ነው ቀበሮው የሚታየው፤ አምባው በጉም ከተሸፈነ ግን ሃያ ሜትር ላይ ቢያልፍም አታዩትም።

አንድ ነገር ብቻ ሐሳቤን ያስቀይረኛል፤ አራት ሌሊት ካላችሁና ሁለታችሁም ብርድ የምትችሉ ከሆነ። ያን ጊዜ ሳነቴን ትታችሁ የፓርኩ ቢሮ ያለባት ዲንሾ ላይ እረፉ። የደጋ አጋዘን ዲንሾ ቢሮው ዙሪያ ባለው ጫካና በጋይሳይ ሜዳ ላይ በክረምትም ይታያል፣ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር በእግር። ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቁ ወንድ ጽዱ ሥር ቆሞ ሲያያችሁ ርቀቱ ከምትገምቱት በላይ ቅርብ ነው። ሳነቴን የምትሞክሩት ሰማዩ የተገለጠበት ጠዋት ካገኛችሁ ብቻ ነው፣ ለዚህም ነው ተጨማሪ ሌሊት የሚያስፈልገው። ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ ለየሰው። ከውጭ የመጣችሁና ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመግቢያ ዋጋው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ነው። ቢኖኩላር አንድ ቢኖራችሁም ይበቃል፣ በየተራ እዩ። ክፍል ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ያዙ፤ ዲንሾ ላይ ማደሪያው ጥቂት ነው፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ ማታ ክፍል ፍለጋ መዞር ደግሞ ማንንም ጥንድ ያጣላል።